ለብ ያለው የባልቲክ ውሃ

ከሐዋሳ ወደ ስዊድን የተነሳሁት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣዬ ታክሲው ላይ ከተጫነ በኋላ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ እየሮጡ መጡና አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «ባሌን አደራ! ብርድ አይችልም፣ አንተ እየው» አሉኝ። ባላቸው ጋሽ ተስፋዬ ስቶክሆልም ከገቡ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የእትዬ የቪዛ ወረቀት ግን ሁለቴ ተመልሶባቸው ሐዋሳ ቀርተዋል። እኔም «ምን ችግር አለ» አልኩ። አደራ ሲቀበሉት መቼም ቀላል ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ስቶክሆልም ዳር፣ አልቢ የሚባል ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው አስጠጉኝ። በሦስተኛው ወር አከራዩ ከጎረቤት ሰምቶ ድንገት መጣና ፍራሼን አየ።

«ይሄ ማነው?»

«ልብስ ሊያጥብ የመጣ ዘመዴ ነው» አሉት።

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«ብዙ ልብስ አለው።»

እሁድ እሁድ ቸርች አብረን እንሄድ ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ጌታን የተቀበሉት በስተርጅና ስለሆነ የቀራቸው ጥምቀት ብቻ ነበር። እኛ የምናጠምቀው በበጋ፣ ባሕር ውስጥ ነው። እኔ በተጠመቅሁበት ዓመት የባልቲክ ባሕር በረዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ መጋቢያችን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «አሜን» ማለት አቅቷቸው ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ዳር ቆመው ይህን አዩና «እኔ ውሃው ሲሞቅ» አሉ። የዋና ገንዳ እንከራይልዎ ብላቸው «ጌታ በገንዳ አልተጠመቀም» ብለው ዘጉኝ።

ባሕሩ ግን እውነትም እየሞቀ መጣ። ዙሪያውን በየብስ የታጠረ ባሕር ነው፣ ሙቀት ከገባበት ቶሎ አይለቀውም። በየዓመቱ ስንገባ ለውጡ በገዛ ቆዳችን ይታወቀን ነበር። «የስደተኛ ጸሎት ተሰማ» እያልን እንስቅ ነበር፤ ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው በጋ የጥምቀቱ አስተባባሪ እኔ ነበርኩ። በሰኔ የተያዘውን ቀን ለእሳቸው ብዬ ወደ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ወደሚበረታበት ሳምንት አዛወርኩት። በዋዜማው ጋሽ ተስፋዬን ጎመን በሚያበቅሉባት ትንሽ መደብ ላይ ሽቦ ቅልጥማቸውን ቧጭሯቸው በፋሻ ታስሮ ነበር።

ባሕሩ ዳር አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት በገመድ የታሰረ ቴርሞሜትር ከውሃው ስበው አዩ። «ሃያ አራት ዲግሪ! ልጅ ሆኜ ከብርዱ የተነሳ ሦስት ቆጥረን ነበር የምንወጣው። ደስ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው የጋሽ ተስፋዬን ፋሻ አዩ። «ቁስል ካለው አይግባ። በእንዲህ ያለ ሙቀት ባክቴሪያ ይራባል።»

«ለብ ያለ የጨው ውሃ ለቁስል መድኃኒት ነው» አልኳቸው።

«ይሄ ባሕር ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ ልጄ።»

ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ቤታችን ቁስል በምን ታጥቦ እንደሚድን ፈረንጅ ሊያስተምረኝ ነው እንዴ?

ጋሽ ተስፋዬ ተጠምቀው ከውሃው እየሳቁ ወጡ። «ይሄማ የሐዋሳ ሐይቅ ነው!» ዘማሪዎቹ እልል አሉ። እኔም ፋሻውን ፈትቼ «ቁስሉን ትንሽ ይንከሩት» አልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል እግራቸውን ነክረው፣ እየዘመሩ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው እግሬን ነከርኩ።

በማግስቱ እግራቸው አብጦ ጠቆረ፣ ትኩሳታቸውም አልበርድ አለ። ፍሌሚንግስቤሪ ያለው ሆስፒታል አስገባኋቸው። ሐኪሟ ነገሩን በእርጋታ አስረዳችኝ፦ ባሕሩ ሲሞቅ የሚራባ ተህዋስ አለ፣ በቁስል በኩል ይገባል። ሕይወታቸውን ለማትረፍ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። እሷ የወቀሰችው ሙቀቱን ነው። እኔን ማንም አልወቀሰኝም፣ እሱ ነው የከበደኝ።

ጋሽ ተስፋዬ ሲነቁ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ለአልማዝ አንተ ንገራት። እኔ ድምፄ ይከዳኛል።»

አምስት ቀን አመነታሁ። በስድስተኛው ቀን ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጋሼ በሕይወት አሉ። እግራቸው ግን... ተቆረጠ።» ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቀኑን ማዛወሬን፣ የሴትዮዋን ምክር መናቄን። «ንከሩት ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ እትዬ። እኔ ነኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። «አንተስ ልጄ? አብረኸው ውሃው ውስጥ አልነበርክም? ያንተ እግር ደህና ነው?»

ሁለቱም እግሮቼ ደህና ነበሩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ አየኋቸው።