ከሰማያዊው ቀለም ሥር

«ያላየሽውን ሰው እንዴት ታምኛለሽ?» አለኝ ወንድሜ። ስልኬን ከእጄ ወስዶ ላዝዘው ያሰብኩትን የብስክሌት ፍሬም ፎቶ በሁለት ጣቱ ሲያሰፋና ሲያጠብ ቆየና፣ «ፋብሪካ ነን ብለው ፎቶ ይልኩልሻል፤ ከዚያ የውሃ ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰዱልሻል። ማንን ልትከሺ ነው? ቻይናን?» ብሎ ሳቀ። እናታችንም ከተቀመጠችበት ሆና፣ «እሷ እኮ እኔንም ማስረጃ ሳታይ እናቴ ነሽ ያለችኝ አይመስለኝም፤ ዛሬ ምን ነካት?» ስትል አከለችበት።

እውነቷን ነው፤ በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ፋርማሲ ነው፤ የምሠራውም ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ከድንበሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ የመጣ ካርቶን ተከፍቶ፣ ማሸጊያው ታይቶ፣ የሚያበቃበት ቀን ካልተነበበ በቀር መደርደሪያዬ ላይ አይወጣም። ከዚያ ፋብሪካ መልስ ከምትሰጠኝ ሴት ጋር ግን ለወራት ተጻጽፌ ነበር። የጠየቅኋትን ሁሉ በትዕግሥት ትመልሳለች፤ የማታውቀው ነገር ሲያጋጥማት አላውቅም ትላለች። ይህን የሚል ሻጭ ብዙ አላጋጠመኝም።

የካርቦን ፍሬም በቀጥታ ከሠሪው ማዘዝ ማለት በመካከል ነጋዴ የለም ማለት ነው። ዝነኛ ስምም አይጻፍበትም። አዛዡ ቁመቱን፣ የሚሸከመውን የጎማ ስፋት፣ የፍሬን ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር ይመርጣል፤ ባዶው ፍሬም ይመጣለታል፤ የቀረውን ራሱ ይገጣጥማል። የእግሬን ርዝመት ግድግዳ ተጠግቼ፣ ወፍራም መጽሐፍ በእግሮቼ መካከል ይዤ ለካሁ። ቀለም አልፈለግሁም። የካርቦኑ ሽመና እንደ ጨርቅ ድርና ማግ በግልጽ እንዲታይ፣ አንድ ቀን ስንጥቅ ቢወጣበት እንዳይሰወርብኝ፣ እንዳለ ጥቁሩን ይምጣልኝ ብዬ አዘዝኩ።

ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት ጉልበቴን ያከመኝ ሐኪም መክሮኝ ነው። የመጀመሪያዋ የብረት ብስክሌቴ ወደ ቦሪና ወደ ኦቦ በሚወስዱት የጠጠር መንገዶች ላይ እየተሰበረች እየተበየደች ኖረች። ዳገት ላይ ወርጄ ስገፋት ያዩኝ የሞተር ታክሲ ነጂዎች፣ «ማማ፣ ማን ማንን ነው የሚነዳው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ቀላል፣ ዳገት የማይከብዳት፣ ከመጀመሪያው ቡሎን እስከ መጨረሻው በእጄ ያጠበቅኋት ብስክሌት ተመኘሁ።

ፍሬሙን ከናይሮቢ የሚያመጣልኝ ወንድሜ ነበር፤ በናይሮቢና በሞያሌ መካከል ሎሪ ይነዳል። በእሱ በኩል ጥርጣሬ ወደ ልቤ አልገባም፤ ምክንያት ነበረኝ። ልጆች ሆነን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን አባታችን ለሕክምና ተወስዶ በዚያው ቀረ። ትልልቆቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ መርዶ በድንገት አይነገርም ተብሎ ግን ከእኔ ተደበቀ። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ጸጉሬን ይሠሩኛል፣ ብስኩት ያስይዙኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩኝም። ይኸው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሲያወሩ ሰምቶ ኖሮ፣ እጄን ይዞ ወደ ድንኳኑ ጀርባ የወሰደኝ። «አባባ ሞቷል» አለኝ። «ሁሉም ያውቃል። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።» በኋላ በዚህ ምክንያት ተገረፈ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ ምንም የማይደብቀኝ አንድ ሰው እንዳለኝ አውቄ ኖርኩ። ሌላውን ሁሉ እመረምራለሁ፤ እሱን አልመረምርም።

ሎሪው ከተጠበቀው ዘግይቶ ደረሰ። መንገድ ላይ፣ ኢሲዮሎ ከተማ፣ ጉዳይ ይዞኝ ነው ብሎ በስልክ ነግሮኝ ነበር። ወንድሜ ወደ ግቢ ሲገባ ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

«ካርቶኑስ?» አልኩት።

«ካርቶን ካርቶን አትበይ! ዝናብ አበሰበሰው፤ ጣልኩት። ይልቅ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ስገልጥ ፍሬሙ ሰማያዊ ነበር። ከመሪው ሥር እስከ ኋላ ጎማው መያዣ ድረስ አንድ ወጥ ሰማያዊ ተቀብቷል። ጥቁሩ ሽመና የለም። ለምን ብዬ ልጠይቅ ስል፣ እሱ ተሽቀዳድሞ፣ «ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ አላወቅሽውም?» አለኝ። «የድንኳናችን ሸራ ነው እኮ! የዋልዳው። ኢሲዮሎ አንድ ቀለም ቀቢ አገኘሁና፣ እህቴ ለምን እንደ ሐዘንተኛ ጥቁር ትነዳለች አልኩ።»

ያን ሸራ እኔም አልረሳሁትም። ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ ያለን ሰዎች ሁሉ ሰማያዊ እንሆን ነበር፤ እጄን ዘርግቼ የማየው የራሴ እጅ አይመስለኝም ነበር። ያንን ያስታውሳል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ቅሬታዬን ዋጥኩት፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። እሱ ግን ዓይኔን ሳያይ ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ፣ «ፖሌ፣ ዳዳ» አለኝ በስዋሂሊ።

በአማርኛ እትዬ ይለኛል፤ ዳዳ የሚለኝ ሲቀልድ ወይም ሲያባብለኝ ነው። ፖሌ ደግሞ በእኛ ከተማ ለሁሉም ነገር የሚባል ቃል ነው። ለደከመው፣ ለተደናቀፈው፣ ወረፋ ለጠበቀው፣ ለታመመው፣ ሐዘን ለደረሰበት ሁሉ ፖሌ ይባላል። ጥፋት ያለበትም የሌለበትም እኩል ይለዋል። እኔም ስላስጠበቅሁሽ ማለቱ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አዲስ የካርቦን ፍሬም በሳንቲም ይመረመራል። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ እየመቱ ሲያዳምጡት፣ ጤነኛው ሁሉም ቦታ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተጎዳው ቦታ ድፍን ይላል። ለዚሁ ብዬ ያስቀመጥኩትን የሺሊንግ ሳንቲም ከኪሴ አወጣሁ። ወንድሜ እጄን አይቶ ሳቅ አለ። «እኔንም አንኳኪኛ!» አለና ደረቱን ሰጠኝ። አፈርኩ። ሳንቲሙን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በወጥ ቤቱ ሚዛን ስመዝነው ከተነገረኝ ክብደት በልጦ ሲገኝም፣ ቀለሙ ነው አልኩ።

መገጣጠሙ የሥራዬን የዕረፍት ጊዜ ሁሉ ወሰደ። ኩሽኔታዎቹን በመዶሻ ሳይሆን በመጫኛ መሣሪያ እየገፋሁ በቦታቸው አስቀመጥኩ። የፍሬን ገመዱን በቱቦው ሆድ ውስጥ አሳልፌ በሌላው ጫፍ በማግኔት ሳብኩት። የፊት አሞርዛተሩን አስገባሁ፤ ካርቦን አለልክ ሲጠብቅ ስለሚደቅ፣ እያንዳንዱን ቡሎን ጥብቀት በሚለካው ቁልፍ፣ ጠቅ የሚለውን ድምፅ እየጠበቅሁ አሠርኩ። በግራር እሾህ እንዳይተነፍሱም ጎማዎቹ ውስጥ ፈሳሽ ማሸጊያ ጨመርኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ለሠርግሽ እንዲህ ብትጠነቀቂ ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር» ትለኛለች።

ወንድሜ ከተማ በገባ ቁጥር እየመጣ ያየኝ ነበር። ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራሙን ቱቦ በመዳፉ ይዳብሳል። «በጣም ታምራለች» አለኝ አንድ ቀን። «ለምን እንዲሁ ግድግዳ ላይ አትሰቅያትም? ለጌጥ።»

«ይህን ሁሉ የለፋሁት ለግድግዳ ነው እንዴ?»

«እንግዲህ ቁልቁለት ላይ ቀስ በይ» አለኝ፤ ደግሞም መላልሶ ቀስ በይ አለኝ። ስለ እኔ ሲጨነቅ ማየቱ ደስ አሰኘኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በኦቦ መንገድ ስወጣ ያ ዳገት እኔን የሚያውቀኝ አልመሰለኝም። በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሻሼን ከአገጬ ሥር አጥብቄ፣ የምገፋት የነበረበትን ቦታ ተቀምጬ አለፍኩት። የሞተር ነጂዎቹ ዛሬም አልተዉኝም፤ «ማማ፣ በምን ቤንዚን ነው?» ብለው ጮኹ። «በሽሮ!» አልኳቸው፤ ለእንግዳ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ስመለስ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ለቀቅኋት። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር ይረጫል፣ ግመሎቹ አንገታቸውን ያዞራሉ፣ እኔ እስቃለሁ። ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ወረድኩበት።

ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉን ስረግጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ኩሽኔታውን ፈትቼ አጸዳሁ፤ ግራሶ ቀብቼ መለስኩ። ድምፁ አልሄደም። ኮርቻውን፣ ፔዳሉን፣ ጎማዎቹን በየተራ ፈትሼ ሁሉንም ንጹሕ ሆነው ካገኘኋቸው በኋላ፣ ለፋብሪካዋ ሴት ጠንከር ያለ ቃል ጻፍኩላት። ጉድለት ያለበት ዕቃ እንደላከችልኝ፣ ክብደቱም እንደነገረችኝ እንዳልሆነ፣ ያስጠነቀቁኝ ሰዎች ልክ እንደነበሩ ነገርኳት። ፎቶም አያያዝኩ።

መልሷ አጭርና ትሑት ነበር። ከመታሸጉ በፊት የተነሡትን ፎቶዎች ላከችልኝ፤ ጥቁር፣ ሽመናው ከዳር እስከ ዳር ያልተነካ ፍሬም። «እኛ ቀለም አልቀባነውም» ብላ ጽፋለች። «ማን እንደቀባው ቢጠይቁ መልካም ነው።»

ሳንቲሙን አወጣሁ። ወፍራሙን ቱቦ ከላይ ጀምሬ አንኳኳሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ድፍን። ወንድሜ በመዳፉ ይዳብሰው የነበረው ቦታ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ሰማያዊው ሄደ፤ ከሥሩ ግራጫ ስቱኮ ወጣ፤ የመኪና በር ሲጎደጉድ የሚሞላበት ስቱኮ። ከስቱኮው ሥር ካርቦኑ እንደ ተረገጠ ቅርጫት ተሰባብሯል።

ወንድሜ እስኪመጣ ብስክሌቷን ግቢው መሐል በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። እናቴም ነበረች። የተፈገፈገውን ቦታ አየው፤ አልተገረመም።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ኢሲዮሎ ሳልደርስ» አለ። «መንገደኛ ከፊት አሳፍሬ ስለነበር ካርቶኑን ከጭነቱ ላይ አደረግሁት። ጭነቱ ተንሸራተተና ተጫነው። ምን ላድርግ? ጋራዥ ወሰድኩት። ስቱኮው ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ እኮ! የእኔ ሎሪ በር በእሱ አይደል የቆመው?»

«በሎሪህ በር ላይ ተቀምጬ ቁልቁለት አልወርድም። ስወርድ ታውቅ ነበር?»

«ቀስ በይ አልኩሽ። ስንቴ ነው ያልኩሽ?»

ያን ጊዜ እናቴ ጣልቃ ገባች። «በማርያም፣ ሰው የሞተ አታስመስይው። ለእኔም ነግሮኛል። ደስ ብሎሽ ስናይ እንዴት ብለን እንናገር? ቀን እየጠበቅን ነበር፤ ቀስ ብለን ልናረዳሽ ነበር።»

ልናረዳሽ። በዚያ ግቢ ውስጥ ይህ ቃል ለእኔ ምን እንደሆነ ከእሷና ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ከድንኳኑ ጀርባ እጄን የያዘውን ልጅ ፊቱ ላይ ፈለግሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል። ሰማያዊውን ማን መረጠው ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ቀለም ቀቢው እጅ ላይ የተገኘ ቀለም ነበር ወይስ በእርግጥ ሸራችን ትዝ ብሎት ነው? ሁለቱንም መልስ ፈራሁት፤ ሳልጠይቅ ተውኩት።

«ፖሌ፣ ዳዳ» አለ በመጨረሻ። «ፖሌ ሳና።»

«በአማርኛ በለው» አልኩት።

በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ይቅርታ ማለት ጥፋቱ የእኔ ነው ማለትን ይዞ ይመጣል። እናቴ ቀና ብላ አየችው። አፉን ከፈት አደረገ፤ እኔም የሚለው መስሎኝ ነበር።

«አይዞሽ» አለኝ።

ቁልፉን አንሥቼ ያጠበቅኋቸውን ቡሎኖች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። እሱ ትንሽ ቆሞ አየኝና ሎሪው መንገድ እንደዘጋ ተናግሮ ወጣ።

ለፋብሪካዋ ሴት ያን ዕለት ጻፍኩላት። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ፣ የሰደብኳትም ያለ አግባብ እንደሆነ ገልጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ፊቷን አይቼው አላውቅም። ሁለተኛውን ፍሬም፣ ያንኑ ጥቁሩን፣ ከእሷው አዘዝኩ፤ በአውቶቡስ ዕቃ ማመላለሻ መጣልኝ። ካርቶኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቼ በሳንቲሜ ከዳር እስከ ዳር ሳንኳኳው፣ ዕቃ የሚያስረክበው ሰውዬ፣ «ማማ፣ የሚከፍትልሽ አለ?» ብሎ ቀለደብኝ። ዛሬ የምነዳው እሱን ነው።

ሰማያዊውን ወንድሜ እንደመከረኝ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ሳሎን ውስጥ፣ የተፈገፈገው ጎኑ ወደ ውጭ ሆኖ። እናቴ እንግዳ ምን ይላል ብላ አንድ ጊዜ በጨርቅ ሸፈነችው፤ ገለጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ተወችው። ወንድሜ ከመንገድ ሲመለስ አሁንም እየመጣ አብሮን ይበላል፤ ከናይሮቢ ያመጣውን ዱቄት ያወርዳል፣ ከእናታችን ጋር ይስቃል፣ እትዬ ብሎ ጨው ይለምነኛል። እኔም አቀብለዋለሁ። ሲቀመጥ ግን ወንበሩን ያዞረዋል፤ ፊቱን ወደ በሩ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይበላል።