ከአቮካዶው ሥር የፈታሁት ሞተር

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሰኮሩ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። ሽታው በመስኮት ሲገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቴን አይታ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ቅዳሜ ተናድጄ ነው።

ያን ጊዜ ጅማ ዙሪያ የቡና ልማት ባለሙያ ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤታችን ሴቶች ሞተር ሳይክል የተሰጣት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዶቹ ነድተው ነድተው የሰለቹት አሮጌ ነበር። ይነሣል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ የጅሬን ዳገት ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስቴ አስሎ ቀጥ ይላል። ይጠገንልኝ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ አለፈ። ቡናው ቀልቶ ገበሬው በሚፈልገኝ ሰሞን አለቃዬ አርብ ዕለት ጠራኝ።

«እስከ ሰኞ ካልተነሣ ለወንድ ባልደረባሽ እንሰጠዋለን። አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ የግምገማ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ።»

ቃለ ጉባኤ! ኮሌጅ ገብቼ ስለ ቡና የተማርኩት ወንዶች ሲገማገሙ ልጽፍላቸው ኖሯል!

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ጆንያ አንጥፌ ሞተሩን ፈታሁት። ለመፍታት ማንም ጀግና ነው። የመጀመሪያው ብሎን በጣት ይፈታል፣ ቀጣዩ ዝጎ ንቅንቅ አልልም ይላል። መፍቻው አምልጦኝ የጣቴን አንጓ ላጠው። ከብሎን ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ጆንያው ላይ ባስቀምጥ ዶሮዋ ለቅማ ዋጠቻት። ዝናብ ሲመጣ ሞተሩን በኮባ ቅጠል ሸፍኜ እኔ በሰበስኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሰው ነው። በአጥራችን ያለፈ ወንድ ሁሉ መካኒክ ሆነ። ብስክሌት እንኳ ኖሮት የማያውቀው «ካንዴላው ነው» ይላል። ሌላው «ሲስተር፣ አንዴ ልሞክርልሽ» ብሎ ሳልፈቅድለት ገብቶ መፍቻውን ከእጄ ይወስዳል። አባቴም ከእነሱ አልተሻለም። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እጁ ከብዕር በቀር ምንም አያውቅም። «አምጪ ወዲህ!» ብሎ ካቻቪቴውን ነጠቀኝና አንድ ጊዜ በኃይል አዙሮ የብሎኑን ራስ በላው። ከዚያ «ብረቱ ጥራት የለውም» ብሎኝ እጁን በሳሙና ሊታጠብ ገባ።

መፍቻ ያልቀሙኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ነዳጅ የምታሳልፈዋን ትንሽ የናስ ብሎን ይዤ የተደፈነ ቀዳዳዋን የምጠርግበት መርፌ ስፈልግ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በመርፌ እንዳትነኪያት! ቀዳዳዋ ይሰፋና ቤንዚን ትጨርስብሻለች» አሉና ከኤሌክትሪክ ገመድ የመዘዙትን ቀጭን ሽቦ አቀበሉኝ። «እኔ ቢስሚላሂ እላለሁ፣ አንቺ በስመ አብ በይና ሞክሪ።»

እሑድ ረፋዱ ላይ በዚያ ሽቦ ጠረግኋት። የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል ቆሻሻ ወጣች። ስንት ወር ያስለቀሰችኝ ይህች ናት! ገጥሜ ስረግጠው መርገጫው ተመልሶ ቅልጥሜን መታኝ፤ በሦስተኛው ተነሣ። አላሳለም፣ አልቆመም።

ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። በአጥሩ አናት የመጣውን ሰው ያየው አባቴ ከበረንዳ ወርዶ፣ ያፈሰስኩት ጥቁር ዘይት ያለበት ሳፋ ውስጥ ሁለት እጁን ሲነክር አየሁት። ምን ነካው ብዬ ሳልጨርስ በሩን በክርኑ ከፈተ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ የሰማው አለቃዬ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ።

«ማን ሠራው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ እጆቹን እያሳየ። «ከእንግዲህም በየሳምንቱ እኔው አየዋለሁ።»

«እርስዎ ካሉማ ጋሼ፣ እሷው ጋ ይቆይ።»

አለቃዬ እንደወጣ አባቴ ላይ ጮኽኩበት። እሱ በእርጋታ «እኔ ነኝ ብትይው ያምንሽ ነበር?» አለኝ። አያምነኝም ነበር፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

ውሸቱን ለማቆየት ግን በየቅዳሜው አቮካዶው ሥር በርጩማ ይዞ መጣ። እኔ ሳልጀምር እጁን ያቆሽሻል። ቀስ በቀስ የመፍቻዎቹን ቁጥር ለየ፤ «አሥራ ሁለት» ስለው አሥራ ሁለት ያቀብለኛል። አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ በርቱ!» ሲለው «ምን ይደረግ፣ የልጅ ነገር» ይላል። የልጅ ነገር! እኔ ተንበርክኬ፣ እሱ ተመስጋኝ! አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «የሠራሁት እኔ ነኝ» እላለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከአምስት ዓመት በኋላ አባቴ ሞተ። ሞተሩ ያኔም እኔ ጋ ነበር። ለቅሶው ላይ አለቃዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«አይ ጋሼ! ምን ዓይነት እጅ ነበራቸው። እንግዲህ ሞተሩን ማን ይሠራልሽ ይሆን?»

መልሱን አምስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«እንጃ» አልኩት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።