ለጅብ የቀረች ላም

ቢላዋ ይዤ ከቤት ስመለስ ላሚቱ ታርዳ ደረስኩ። ጎረቤቴ ሙዘይን ጉድጓዱ ውስጥ እጁ ደም በደም ሆኖ ቆሟል።

«ነፍሷ ልትወጣ ሆነ። በክት ሆና ከምትቀር ብዬ ነው» አለኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ኮልፌ ቤቱ ጥቂት፣ ሜዳው ሰፊ ነበር። ያለችኝ ላም እሷ ብቻ ነበረች። ስትግጥ ውላ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀችና ወገቧ ተሰበረ። ልጆቼ ሥጋ ከቀመሱ ፋሲካ አልፎ መስከረም ጠብቷል። የታረደ ነገር አለ ሲባል ሣህን ይዘው እየሮጡ መጡ።

እኔ ግን «እስላም ያረደውን አንበላም» አልኩ።

ባለቤቴ «ኧረ ለልጆቹ ስትል!» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሃይማኖቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ባዶ ሣህናቸውን ይዘው ሲመለሱ ያየሁት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ማታ ያን ሁሉ ሥጋ ጅብ በላው።

ያኔ እዚያው ጉድጓዱ ዘንድ ሙዘይን አልተቆጣኝም። የራሱን ቢላዋ በሣር ይጠርጋል። እኔም ትንሽ አፍሬ፣ «በል እንግዲህ አንተ ውሰዳት፤ ያንተ ልጆች ይብሉ» አልኩት።

«ለእኛም አትሆንም።»

«እንዴት አትሆንም? ራስህ አርደህ?»

ቀና ሳይል መለሰልኝ። «የአላህን ስም ሳልጠራ ነው ያረድኳት፣ ወንድሜ። ልጆችህ እንዳይከለከሉ ብዬ።»