የአባቴ ግራ እግር

አባቴ ዘሩ ሠላሳ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነድተዋል። እናቴ «ከእኔ እጅ ይልቅ የማርሹን ዘንግ የጨበጡት ይበዛል» እያለች ትተርባቸዋለች።

እኔ ልጃቸው ያምሮት ነኝ። ግራ እግሬ ከልጅነቴ የሰለለ ስለሆነ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ አልችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያደረሱኝ እሳቸው፣ ኮሌጅ ያደረሱኝ እሳቸው፣ ቡሬ መምህርት ሆኜም ከፍኖተ ሰላም ጧት ጧት የሚያመላልሱኝ እሳቸው ነበሩ። አምና ግን አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። አባቴ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ልጓም የሌላት በቅሎ ነው» አሉ። ተናደድኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ምን ይከብዳል?

ባለፈው ቅዳሜ ፈረስ ቤት ከተማ ለቅሶ ነበረብን። «ሴት ልጁ እየነዳችው ለቅሶ መጣ አልባልም» ብለው ቁልፉን ወሰዱብኝ። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ገበያተኛው ከብቱን እየነዳ መንገዱን ሞላው። አባቴ በአይሱዙ ልማዳቸው ፍሬን ሳይዙ፣ ነዳጅ ብቻ እየሰጡ መኪናዋን ዳገቱ ላይ አቆሟት።

«አባየ፣ ፍሬን ይያዙ!»

«አንች ልታስተምሪኝ ነው?»

ከብቱ አላልቅ አለ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። መንገዱ ሲከፈት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ለቅሶው ቀረ። ይባስ ብሎ መኪናዬ በአይሱዙ ተጭና ፍኖተ ሰላም ገባች። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። እንደገና የሰው እጅ ጠባቂ ልሆን ነው።

አብሮ አደጌ ላቀው ጋራዥ አለው። የማርሹን ቤት፣ የካምቢዮውን ዘይት አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዘይት ያለበት ባልዲ ውስጥ ሁለት አሮጌ የማራገቢያ ክንፎች ፊት ለፊት አድርጎ አንዱን አዞረ። ሌላው ሳይነካው ተከትሎ ዞረ።

«ጋሽ ዘሩ፣ በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ኮንቨርተር የሚባል ድፍን ነገር አለ። ውስጡ እንዲህ ነው። ሞተሩ አንዱን ክንፍ ያዞራል፣ ዘይቱ ሌላውን ይገፋል። መሀል ላይ ያለው ሦስተኛ ክንፍ ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ጉልበት ይጨምራል። ፍሬን ቢይዙ ኖሮ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞር፣ ዘይቱም ሾልኮ ያልፍ ነበር። እርስዎ ግን ነዳጅ እየሰጡ ሲያቆሟት ዘይቱ ሲማሰል ሲማሰል ፈላ።»

«ገደልኋት በለኛ!» አሉ አባቴ።

«ኮንቨርተሩ ከሄደ እዚህ የሚጠግነው የለም። ዘይቱን ቀይሬ እንያት።»

እሑድ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው በቀጥታ ጋራዡ ሄዱ፤ ምሳም አልበሉ። ላቀው ሲጨርስ እኔ መሪውን ያዝኩ። ሞተሩን አስነስቼ፣ ማርሽ አስገብቼ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ነዳጅ አልነካሁም። መኪናዋ በራሷ ዝግ ብላ መሄድ ጀመረች።

«ተመስገን!» አሉ አባቴ። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። በዕድሜዬ በዚያ በር ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም።

«በይ ንጂ፤ ለቅሶው ሳይደረስ መቅረት የለበትም» አሉኝ።

እዚያው ዳገት ላይ አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝኩ። ዘወር ብዬ ሳይ የአባቴ ግራ እግር የወለሉን ምንጣፍ ጥብቅ አድርጎ ረግጧል። ያ እግር ዕድሜ ልኬን ስለ እኔ ሲረግጥ የኖረ ነው።

«አባየ፣ ይህች እኮ ፍሪሲዮን የላትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። እግራቸውን ግን አላነሱም።