ጸበሉ ላብራቶሪ ገባ

ኮምቦልቻ ውስጥ የውሃ ምርመራ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ባለፈው ሰኞ ከደሴ ዙሪያ አንድ ቄስ መጡና በሃይላንድ የያዙትን ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ "የደብራችን ጸበል ነው፤ መርምርልኝ" አይሉኝ መሰላችሁ!

ደነገጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠመቅበት የኖርኩትን ጸበል እንዴት ብዬ ልመርምር? የሥራ ባልደረባዬን ሰይድን ብለምነው፣ "ወላሂ አልነካውም! እናቴን ያዳነ ጸበል ነው" ብሎኝ ውልቅ አለ። ምን ላድርግ? አማተብኩና ጓንቴን አጠለቅኩ።

በማግስቱ ውጤቱን ሳይ ክው አልኩ። ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ሞልቶበታል!

ቄሱ ውጤቱን ሊወስዱ መጡ።

"መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝና... ውሃው ተበክሏል" አልኳቸው። ሊገዝቱኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ።

"እሰይ!" ብለው ከወንበሩ ብድግ አሉ። "ቶሎ ጻፍና ማኅተም ምታበት! የደብሩ ኮሚቴ ያስዘረጋው አዲሱ የጸበል ቧንቧ በሽንት ቤቱ ጉድጓድ በኩል አልፏል ብዬ ብጮህ፣ ኮሚቴው 'ቄሱ እምነት ጎደላቸው' ብሎ ሊያባርረኝ ነው። ልጄ፣ እኔ የእግዜርን ጸበል መች ተጠራጠርኩ? የኮሚቴውን ቧንቧ እንጂ!"