አባቴ የሰቀላቸው ኮርቻዎች

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሰው ስጠብቅ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጎን አንድ አሮጌ ኮርቻ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ አየሁ። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠጋ ብዬ አሸተትሁ። መስታወት ምን ይሸታል? ግን የደረቀ ቆዳና የከሰል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ መጣ፤ የዚያች የአባቴ ክፍል ሽታ።

አባቴ በአገው ፈረሰኞች አገር፣ እንጅባራ፣ መምህር ነበር። ተወልዶ ያደገው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ፈረስ መጋለብ አይችልም። የሚወደው የፈረስ ዕቃ ነበር። በገበያ ቀን ዳንግላ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጫግኒ ድረስ ይዘልቃል፤ አሮጌ ኮርቻ፣ ልጓም፣ እርካብ፣ የሆነ ነገር ሳይዝ አይመለስም። ከጓዳ ቀጥላ ያለችውን ክፍል ለእነሱ ለቀቀላቸው። ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳይበላው መጋረጃው ሁልጊዜ ዝግ ነበር። ክረምት ገብቶ የእንጅባራ ጉም ልብስና መጽሐፉን ሁሉ ሲያሻግት፣ ክፍሉን በከሰል ያደርቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ የምጠርገው እኔ ነበርሁ።

ከሁሉም የሚበልጥበት ቀዩ ኮርቻ ነበር። ዳር ዳሩ በቀይ ከፋይ ተለብጦ፣ ፊቱ ላይ ናስ ተመትቶበታል። የሠራው ሽማግሌ ሞቷል፤ ልጆቹ ባጃጅ ነጂ ሆነዋል፤ እንደ እሱ የሚሰፋ ሰው በአካባቢው አልቀረም። አባቴ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረው። በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረሰኞች ለግልቢያ ከመሰብሰባቸው በፊት አንድ ኬሻ ድንች አሸክሞ ቤታችን ይመጣል። ሻዩን እስኪያጋምስ ስለ አዝመራው ያወራል፤ ከዚያ አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ ቀዩን ኮርቻ ለአንድ ቀን ቢሰጡኝ» ይላል።

አባቴ ቢቀደድ ማን እንደሚሰፋው ይጠይቀዋል። ነገሩ በዚያው ያበቃል። አንድ ዓመት ብቻ አጎቴ ሲከራከር ሰማሁ። ቆዳ ቅቤና የፈረስ ላብ ካላገኘ እንደሚደርቅ፣ ከሰሉ ደግሞ እንደሚያብስበት ነገረው። አባቴ ቅቤ ከፋዩን ያበላሻል አለ።

«አንተ አንድ ቀን ትጋልብበታለህ» አለው። «እኔ የማስቀምጠው የልጅ ልጆችህ እንዲያዩት ነው።»

ዛሬ ሳስበው አባቴም እውነት ነበረው። ያኔ ግን ልቤ ከአጎቴ ጋር ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አጎቴ ሊጠይቅ ሲመጣ አባቴ ለስብሰባ ሄዶ አልነበረም። እናቴ ገበያ ወጥታለች። ቁልፉን ከተደበቀበት አውጥቼ ክፍሉን ከፈትሁለትና ኮርቻውን ይዞ እንዲሄድ፣ አባቴ ሳይመጣ እንዲመልሰው ነገርሁት። ገባ። ቀዩን ኮርቻ በእጁ ጀርባ አንዴ ዳሰሰው።

«እሳቸው ሳይፈቅዱ?» አለኝ። «አይሆንም። ቁልፉን ቦታው መልሺ።»

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አጎቴ ታመመና በሳምንቱ ሞተ።

በዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት፣ ፈረሱ ተጭኖና አጊጦ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ከአስከሬኑ ፊት ይሳባል። አባቴ መርዶውን እንደሰማ ክፍሉን ከፈተ፤ ቀዩን ኮርቻ አውርዶ በአንሶላ ጠቀለለው። ተያይዘን ዘንገና ሄድን።

ካፊያ ነበር። ግቢው በለቃሽ ተሞልቷል። አባቴ ፈረሱን እኔ ነኝ የምጭነው አለ፤ የአጎቴ ጎረቤት ዳማውን ያዘለት። ከሆዱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ስቦ ጠበቅ ሲያደርገው ተበጠሰ። የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ሁለተኛውን ሳበ፤ እሱም ተበጠሰ። መቀመጫው ስፌቱ ላይ ተተረተረ። አባቴ ቁራጩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ዞር ብለው መሬት መሬት አዩ።

የአጎቴ ሚስት ከለቃሾቹ መካከል በእጇ ምልክት ሰጠች። አጎቴ በየቀኑ የሚጋልብበት ኮርቻ መጣ፤ በላብና በቅቤ የጠቆረ፣ ሦስት ቦታ የተጣፈ። ጎረቤቱ ጠፍሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ያዘ።

አባቴ ቀዩን ኮርቻ የትም አላስቀመጠም። ትከሻው ላይ አድርጎ ከፈረሱ ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሩ ሄደ። ከፋዩ በካፊያው እየረጠበ ቀለሙን ነጭ ጋቢው ላይ ለቀቀ። እናቴ ኋላ ብታጥበው ብታጥበው አልለቀቀም።

ከአርባው በኋላ አባቴ ኮርቻውን ዳንግላ ወስዶ ጠፍሩን አስቀየረ፣ ስፌቱንም እንደ ነገሩ አስጠገነና ለአጎቴ ሚስት ሊሰጣት ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። ፈረሱ ለተዝካሩ ተሸጦ ጋጣው ባዶ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ኮርቻውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። መጨረሻ ላይ መሬት አስቀመጠውና «ይቀየመኝ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

አማርኛ ታውቃለች፤ ያን ቀን ግን በአገውኛ መለሰች። አባቴ አገውኛ አይሰማም። ቋንቋውን ከእናቴ ወደተማርሁት ወደ እኔ ዞረ። አለዝቤ ልነግረው እችል ነበር፤ አላደረግሁትም።

«አይቀየምም ነበር ትላለች። በየዓመቱ ከእኛ ቤት ሲመለስ ‹ለከርሞ ይሰጡኝ ይሆናል› ይል ነበር ትላለች።»

እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ በአማርኛ፣ «ለሚጋልብ ይስጡት» አለችው።

ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጥር በመጣ ቁጥር የክፍሉ በር ክፍት ነው፤ የሚፈልግ ወጣት ኮርቻ መርጦ ይወስዳል። ተቀድዶ የሚመለስ አለ፤ ጭራሽ የማይመለስም አለ። አባቴ አንድም ቀን ስለዚህ ሲያማርር አልሰማሁም።

ያን ቀን ከአጎቴ ሚስት ቤት ስንመለስ፣ አባቴ ኮርቻውን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ በእግራችን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ። አባቴ እጅ የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ሕፃን ሆኜም ይዞኝ አላስታውስም። እንጅባራ እስክንገባ አልለቀቀኝም።