የጥጃዋ ልብ

እህቴ ስትሠራ አትናገርም። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ ድምጿን የሰማ ላም ካለ ተአምር ነው። ለምን ዝም ትያለሽ ስላት፣ "እኔ ካወራሁ እነሱን በምን እሰማቸዋለሁ?" ትለኛለች። ደንበኞች "ዶክተር" ሲሏት "ረዳት ነኝ" ብላ ታርማቸዋለች፤ ፈቃድ የላትማ!

ፈቃድ ያጣችው ሙያው ጠፍቷት አይደለም። የጽሑፉን ፈተና ገና ድሮ አልፋለች። ጉድ ያፈላባት የተግባሩ ነው። እዚያ ተፈታኙ የሚያደርገውን ሁሉ ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ነጥብ የሚሰጠው ለተነገረው ብቻ ነው። እህቴ ሁለት ጊዜ ገብታ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሽታውን አግኝታ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዝምታዋ ወደቀች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መፈተን የለም። በዚያ ላይ እስከ ዛሬ በፊርማቸው ሲያሠሯት የነበሩት አዛውንት ሐኪም ዓይናቸው ደክሞ፣ ወሩ ሲያልቅ ጡረታ ሊወጡ ነው። እሳቸው ከወጡ፣ ያለ ፈቃድ መርፌ የሚያስይዛት የለም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ስለዚህ አስተማሪም ላምም ሆንኩላት። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ መሸጫ ቆሜ እውልና ከሥራ መልስ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በአራት እግሬ እቆማለሁ።

"ተናገሪ እትዬ!"

"ምን ልበል?"

"'ልቧን አዳምጣለሁ' በይ!"

"አዳምጣለሁ።"

"ለማን ነው የምታንሾካሹኪው? ጎረቤት ይስማሽ እንጂ!"

ወር ሙሉ እንዲህ ሆንን። የእኔ ጉልበት ተላጠ፣ የእሷ ድምፅ ሰለለ፣ ሁለታችንም ተሰላቸን። በመጨረሻው ሳምንት ግን አፏ ተፈታ። እንዲያውም እጇ ሳይደርስ አፏ ይቀድም ጀመር። ሞኟ እኔ ደስ አለኝ።

የፈተናው ቀን ከመፈተኛው በረት አጥር ውጭ ቆሜ ሰማኋት። ያቀረቡላት አንዲት ቀይ ጥጃ ነበረች። "ትኩሳቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ሆዷን ዳበስኩ፣ ደህና ነው። ልቧን አዳመጥኩ፣ ደህና ነው።" ሦስቱ ፈታኞች አንገታቸውን ሳያቀኑ ይጽፋሉ። ሰዓት ሳይሞላ ማለፏን የሚገልጽ ወረቀት ሰጧት። ሮጬ ሳቅፋት እንጨት ሆነችብኝ።

"ምን ሆንሽ ደግሞ?"

"ልቧን አልሰማሁትም።"

"ደህና ነው ስትይ ሰምቼሻለሁ!"

"አልኩ እንጂ መች ሰማሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የሰማሁት ግን የራሴን ድምፅ ነው።"

"ተይኝ እባክሽ! ወረቀቱ እጅሽ ገብቷል፣ እንሂድ!" ተናድጄ ነበር። የወር ሙሉ ጉልበቴ!

ወረቀቱን አስይዛኝ ወደ በረቱ ተመለሰች። ተንበርክካ፣ ማዳመጫውን የጥጃዋ ደረት ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። መቼም የማትነሣ መሰለኝ።

"ከምቱ ኋላ ሽው የሚል ድምፅ አለ" አለች በመጨረሻ። "ይቺ ልጅ ልቧ ደህና አይደለም።"

ዋናውን ፈታኝ እራሷ ሄዳ ጠራችው። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ዘረጋችለትና፣ "ሳልሰማ ነው 'ደህና ነው' ያልኩዎት። ከፈለጉ ይውሰዱት" አለችው። የእኔ ልብ ቀጥ አለ። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀበለ፣ ማዳመጫዋንም ተዋሰና በንጹሕ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እሱም ብዙ ቆየ።

"ዛሬ ስድስት ሰው ልቧ ደህና ነው ብሎኛል" አለ ሲነሣ፣ ጉልበቱን እንኳ ሳያራግፍ። "እኛም እናንተን ስንሰማ ነው የዋልነው።" ወረቀቱን አየት አድርጎ መለሰላት። "ይያዙት፣ ዶክተር።"

አላረመችውም።

አውቶቡሱ ውስጥ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነበር። "ድክም ብሎኛል" አለችኝና ዝም አለች። እስከ ቤታችን ድረስ ረጅም መንገድ ነው። ተናገሪ አላልኳትም።